ቨርቹዋል ማሽናችሁ ኔትወርክ እምቢ ካላችሁ

ደብረ ማርቆስ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ያዟት። ቀን ቢሮ በገመድ ትሠራላችሁ፤ ማታ ቤት ስትገቡ የስልክ ሆትስፖት ትከፍታላችሁ። ላፕቶፑ ኢንተርኔት አለው። ቨርቹዋልቦክስ (ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ውስጥ ያለው ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወና ግን ጭጭ።

ኡቡንቱን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ አንድ ሙሉ ሌሊት አቃጥያለሁ።

መጀመሪያ ቨርቹዋልቦክስ ላይ የማሽኑን ሴቲንግ ከፍታችሁ ኔትወርክ የሚለውን እዩ። ብሪጅድ (ማሽኑ በአንድ የላፕቶፑ ኔትወርክ ካርድ በኩል በቀጥታ የሚገናኝበት) ላይ ከሆነ፣ የተያያዘው ከቢሮው ገመድ ካርድ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ገመዱ ደግሞ አሁን የለም። ወደ ናት (NAT፣ የላፕቶፑን ኢንተርኔት የሚጋራበት) ቀይሩት። እዚያው «ኬብል ኮኔክትድ» የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት አረጋግጡ፤ ይቺን ብዙ ሰው ያልፋታል።

ከዚያ የኡቡንቱ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የአይፒ አድራሻውን፣ ማለትም የማሽኑን የኔትወርክ ቁጥር፣ እዩ። በናት አብዛኛውን ጊዜ 10.0.2.15 ነው። ጭራሽ ከሌለ ወይም በ169.254 ከጀመረ፣ ከዲኤችሲፒ (አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። አድራሻው ደህና ከሆነ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሞክሩት። መልስ እየመጣ ድረ ገጽ በስሙ አልከፈት ካለ፣ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን) ጠርጥሩ። ከገመድ ወደ ሆትስፖት ስትሸጋገሩ ይሄ ያጋጥማል፤ ቨርቹዋል ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።