የምትወዱትን ልብ ወለድ ካነበባችሁ በኋላ ፊልሙን እንዴት ታዩታላችሁ?

መጽሐፉን እንደጨረሳችሁ ፊልሙን አትክፈቱ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። የመጨረሻው ገጽ ገና ትኩስ እያለ የሚታይ ፊልም ፈተና አራሚ ያደርጋል። እያንዳንዱን ንግግር ከመጽሐፉ ጋር ስታመሳክሩ ታሪኩ ያመልጣችኋል።

በዚያ ሳምንት አንድ ሥራ አለላችሁ፤ ከሁሉም አጥብቄ የምመክረውም እሱን ነው። ደብተር አውጡና በአእምሯችሁ የሣላችሁትን ጻፉ፦ የገጸ ባሕርዩን ፊት፣ የድምፁን ቃና፣ የቤቱ በር በየት በኩል እንደሚከፈት። ፊልም ጉልበተኛ ነው። ተዋናዩን አንዴ ካያችሁ በኋላ መጽሐፉን ስትከፍቱ የሚመጣባችሁ የእሱ ፊት ነው። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ ፊልሙን ከማየቴ በፊት በልቤ የነበረውን ጋንዳልፍ (የደራሲው ቶልኪን ልብ ወለዶች አስማተኛ ሽማግሌ) ዛሬ ባስበው ባስበው አይመጣልኝም። ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ፊልሙ የመጽሐፉን የትኛውን ክፍል እንደያዘ አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው የቶልኪን «ዘ ሆቢት» አንድ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ከ2012 እስከ 2014 በሦስት ፊልም ነው የወጣው። የተራዘመ ቅጂ ካለም በሲኒማ የታየውን አስቀድሙ።

መጀመሪያ ስታዩት ሳታቋርጡ እዩት። አጠገባችሁ ያላነበበ ሰው ካለ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም» እያላችሁ አትረብሹት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ግን መጽሐፉን ይዛችሁ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ በቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተዋጊውን የቦሮሚርን ሞት እንውሰድ (ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት)። ቶልኪን ውጊያውን አያሳየንም። የጉዞ ጓደኛው አራጎርን የቦሮሚርን ቀንደ መለከት ድምፅ ሰምቶ ይሮጣል፤ ሲደርስ ቦሮሚር ትልቅ ዛፍ ተደግፎ፣ ጥቁር ላባ ያላቸው ብዙ ፍላጻዎች ተሰክተውበት፣ የተሰበረ ሰይፉን እንደጨበጠ ተቀምጧል። ቀንደ መለከቱ ለሁለት ተሰንጥቆ አጠገቡ ወድቋል። አንባቢውም ከአራጎርን ጋር ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚያመውም ይህ መዘግየት ነው። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ፊልም ካሜራውን ቦሮሚር ዘንድ ያቆማል። ፍላጻ ሲመታው፣ በጉልበቱ ሲወድቅ፣ ተነሥቶ ሲዋጋ እናያለን። መዘግየቱ ቀርቷል፤ በምትኩ ክፉውን ቀለበት ከጓደኛው ሊነጥቅ የሞከረው ሰውዬ ንስሐ በዓይናችን ፊት ይፈጸማል። መጽሐፉ ላይ የሁለተኛው ጥራዝ መክፈቻ የነበረው ነገር ለመጀመሪያው ፊልም መዝጊያ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ፊልም ተመልካቹን የሚያሰናብትበት ትልቅ ነገር ይፈልጋል።

ለቀረ ነገርም እንዲሁ «ቢገባ ምን ያበላሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚያው መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ቶም ቦምባዲል በፊልሙ የለም፤ እኔም ናፍቄዋለሁ። ነገር ግን የታሪኩ ክፉ ቀለበት ምንም የማያደርገው ሰው ነው፤ ተመልካቹ ቀለበቱን መፍራት በሚጀምርበት ሰዓት ቢገባ ፍርሃቱ ይበርድ ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ያጣችሁለት ለውጥ ካለ ፊልሙን ለመውቀስ መብቱ አላችሁ።

በመጨረሻ ያንኑ ምዕራፍ ደግማችሁ አንብቡ። የተዋናዩ ፊት ድቅን ካለባችሁ ደብተሩን ክፈቱ፣ የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ንባባችሁን ቀጥሉ።