ሞተሩ መንገድ ላይ ጠፋ፦ ቤንዚን አልቆ ነው ወይስ አልወርድ ብሎ?

ሞተር ሳይክል እየተነዳ ሲጠፋ ቀድሞ የሚመጣው ግምት «ቤንዚን አለቀ» ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ነገር ግን ታንኩ ውስጥ ሁለት ሦስት ሊትር እያለም ቁርጥ ነዳጅ ያለቀበት መስሎ የሚጠፋ ሞተር አለ። እንዲህ ያለውን ሞተር መንገድ ዳር አቁሞ ጀሪካን ይዞ ማደያ ፍለጋ መሄድ በከንቱ መድከም ነው። ችግሩ ከወዴት እንደሆነ በአብዛኛው የሚናገረው አጠፋፉ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ምን እንዳደረገ ልብ በሉ።

ከሁሉ በፊት

ጉልበት ማጣት ሲጀምር ፍሪሲዮን ይዛችሁ በቀረው ፍጥነት ወደ ዳር ውጡ። ድንገት ፍሬን አትያዙ፤ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የእናንተ ሞተር መጥፋቱን አያውቅም። እየሄዳችሁ ቁልፉን አታዙሩ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ መሪው የሚቆለፈው በዚያው ቁልፍ ነው። ከቆማችሁ በኋላ ግን ዝጉት። መብራቱ በርቶ ከቆየ ቤንዚኑ ሲገኝ ባትሪው አልቆ ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ በቀኝ እጀታ ላይ ያለውን ቀዩን ማጥፊያ እዩ። የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ግን ማጥፊያው በጓንት ተነክቶ የጠፋ ሞተር ስንት ጊዜ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ሲፈታለት ታይቷል! የጎን መቆሚያውም በደንብ ካልታጠፈ ማርሽ ሲገባ ሞተሩን የሚያጠፋባቸው ሞዴሎች አሉ።

ምልክት፦ በፍጥነት ላይ ይንገጫገጫል፣ ሲቀንሱለት ይረጋጋል፣ ከዚያ ይጠፋል

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ባለው ሞተር ላይ ትክክለኛው የነዳጅ ማለቅ ምልክት ይህ ነው። ካርቡሬተሩ ከሥሩ ጥቂት ቤንዚን የሚይዝ ጎድጓዳ አለው፤ ሞተሩ የሚጠጣው ከታንኩ ሳይሆን ከዚህ ጎድጓዳ ነው። ከታንክ የሚወርደው ሲሳሳ፣ ብዙ በሚጠጣበት ፍጥነት ወይም ዳገት ላይ ጎድጓዳው ይጎድልና ሞተሩ መንገጫገጭ ይጀምራል። ሲቀንሱለት የሚንጠባጠበው ስለሚበቃው ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ ደህና ይመስላል። ያ መረጋጋት ግን አያታልላችሁ፤ የቀረው መንገድ ትንሽ ነው።

መፍትሄው የነዳጅ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ ማዞር ነው። መክፈቻው ብዙ ጊዜ ከታንኩ ሥር በግራ በኩል ይገኛል፤ «ኦን»፣ «ኦፍ» እና «ሪዘርቭ» የሚሉ ሦስት ቦታዎች አሉት። ሪዘርቭ ለብቻው የተቀመጠ ሌላ ታንክ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንደዚያ አይደለም። መክፈቻው ታንኩ ውስጥ ሁለት መግቢያ አለው፦ አንዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ በቆመ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ከወለሉ አጠገብ። «ኦን» ላይ ቤንዚኑ የሚገባው ከላይኛው ነው፤ መጠኑ ከቱቦው ጫፍ በታች ሲወርድ ይቋረጣል። «ሪዘርቭ» ላይ የታችኛው ይከፈታል፣ በዚያው ታንክ የቀረችው ትወርዳለች።

መክፈቻውን ቆማችሁ፣ ሳታዩ፣ በእጃችሁ ብቻ ማግኘት ተለማመዱ። መንገጫገጩ እንደጀመረ ካዞራችሁት ሞተሩ ሳይቆም ሊያገግም ይችላል። ከጠፋ በኋላ ከሆነ ያዞራችሁት፣ ጎድጓዳው እስኪሞላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ካስፈለገም ቾክ (ለማስነሳት ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ሳቡ። ማስነሻውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አትጫኑት፣ በመሃል አሳርፉት።

መክፈቻው ቀድሞውኑ ሪዘርቭ ላይ ሆኖ ካገኛችሁትስ? ያኔ አብዛኛውን ጊዜ በእውነት አልቋል። ይህ የሚሆነው ባለፈው ጊዜ ሪዘርቭ ላይ ደርሶ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ወደ «ኦን» ሳይመለስ ሲቀር ነው። ማደያ ላይ የታንኩን ክዳን ስትዘጉ እጃችሁ ወደ መክፈቻው መሄድን ይልመድ።

የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ችግርም አለ፦ ሞተሩ ከቆመበት ጥሩ ሆኖ ይነሳል፣ ጥቂት መቶ ሜትር ይሄዳል፣ ይጠፋል። መክፈቻውን «ኦፍ» ላይ ረስታችሁታል። እስካሁን ያስኬደው ጎድጓዳው ውስጥ የነበረው ነው።

አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ «ኦፍ» የላቸውም፤ በምትኩ «ፕሪ» የሚል ቦታ አላቸው። በእነዚህ ላይ የቤንዚኑን መንገድ የሚከፍተው ሞተሩ ሲዞር አየር የሚስብበት ኃይል ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ አይወርድም። ታንኩ ድርቅ ብሎ ከተሞላ በኋላ ጎድጓዳውን ለመሙላት ለአንድ ደቂቃ ያህል «ፕሪ» ላይ አድርጉትና ሞተሩ ሲነሳ ወደ «ኦን» መልሱ። «ፕሪ» ላይ ረስቶ መተው መዘዙ ከባድ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ምልክት፦ ሪዘርቭ ላይም አይነሳም፣ ታንኩ ሲነቀነቅ ግን ቤንዚን ይንቦጫቦጫል

የብዙ ሞተር ሳይክሎች ታንክ የሻሲውን ብረት እንደ ኮርቻ ተፈናጦ የተቀመጠ ነው። ወለሉ መሃል ላይ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ሁለት ኪስ ይፈጥራል። መክፈቻው በአንደኛው ኪስ ብቻ ከሆነ፣ በሌላኛው የቀረው ቤንዚን መሃሉን መሻገር አይችልም። ይህ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ፣ ሞተር ሳይክሉን መክፈቻው ወዳለበት ጎን በደንብ አዘንብሉት። መክፈቻው በግራ ከሆነ ወደ ግራ ማለት ነው። ከወዲያኛው ኪስ ቤንዚኑ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይሰማል። ጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ ቀና አድርጉትና አስነሱ። ከባድ ሞተር ከሆነ ብቻችሁን አትሞክሩት፣ እግራችሁንም ከጋለው ጭስ ማውጫ አርቁ። ክዳኑ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወዲያው አቅኑት። ከተነሳ በኋላ በከፍተኛ ማርሽ፣ ሳታስጨንቁት፣ በዝግታ ንዱ። «ከማለቁ በፊት ልድረስ» ብሎ መክነፍ ማለቁን ማፋጠን ነው።

ምልክት፦ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይጠፋል

ሰውን የሚያደናግረው ይህኛው ነው፤ ጋራዥ ሲደርስ ምንም አይገኝበትም። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን በሙሉ ክዳኑ ላይ አድርጉ።

ቤንዚን ከታንክ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። አየሩ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ፣ ወይም ከታንኩ በሚወጣ ቀጭን ጎማ ነው። ያቺ ቀዳዳ በአቧራ፣ በጭቃ ወይም በእጥበት ሳሙና ስትደፈን፣ ታንኩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እየቀነሰ ቤንዚኑን አላወርድም ይላል። ታንኩ ሲሞላ የሚብሰውም ከላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ ቶሎ ስለሚወርድ ነው። ሞተሩ ሲቆም አየር በትንሽ በትንሹ ሾልኮ ይገባና «ዳነ» ይባላል። ለጌጥ የለበሰ የታንክ ሽፋንና ታንክ ላይ የሚታሰር ቦርሳም ቀዳዳዋን ሊደፍኑ ይችላሉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። በጠፋበት ቅጽበት፣ ሳታርፉ፣ ክዳኑን ክፈቱና ጆሮ ስጡ። አየር «ሽሽሽ» ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ዝጉትና ጥቂት ጠብቃችሁ አስነሱ። ቤት እስክትደርሱ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆም እያላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ መዝጋት ያደርሳችኋል። ክዳኑን ከፍቶ ወይም ጨርቅ ወትፎ መንዳት ግን ክልክል ነው፤ አንድ ጉድጓድ ላይ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። በኋላ ክዳኑን አውልቃችሁ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦና በአየር አጽዱ፤ ጎማ ካለውም የታጠፈ ወይም የተቆነጠጠ ቦታ ፈልጉ።

ክዳኑ ተከፍቶ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ፣ ነገሩ ከነዳጅ ሳይሆን ሲግል ከሚደክም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው) ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ካንዴላውን ነቅላችሁ እሳት መኖሩን እዩ፤ ይህን ስታደርጉ አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር።

ምልክት፦ ሪዘርቭ ላይ ሲዞር ጭራሽ ይብስበታል

ዝቃጭና ውሃ። ሪዘርቭ የሚቀዳው ከወለሉ አጠገብ ነው፤ ዝገቱ፣ አሸዋውና ውሃው የሚተኛውም እዚያው ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ሁልጊዜ ከታች ነው። ለዓመታት ተነክቶ የማያውቅ ሪዘርቭ በችግር ቀን ሲከፈት ያጠራቀመውን ሁሉ ወደ ካርቡሬተሩ ይልካል። ሪዘርቩን ቤታችሁ አጠገብ፣ ሳትቸገሩ፣ አልፎ አልፎ መጠቀም ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የነዳጁን ጎማ ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ወደ ንጹህ ዕቃ ክፈቱት። ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ፊልትሮው ወይም መክፈቻው ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል፤ ይጽዳ ወይም ይቀየር። የተቀዳው ከሥሩ የሚንከባለል ጠብታ ካሳየ ውሃ ነው፤ የጎድጓዳውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ንጹህ ቤንዚን እስኪመጣ አፍስሱት። በጎማው ደህና እየወረደ ሞተሩ ግን ነዳጅ ከተራበ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም ወደ ጎድጓዳው የሚገባውን ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ተጣብቆ ይሆናል።

ኢንጀክሽን ከሆነ

በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በፓምፕ እየገፋ የሚረጭ ሞተር ማለት ነው። መክፈቻም ሪዘርቭም የለም፤ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» ይላል። ድምፁ ካለ መጀመሪያ ታንኩን ጠርጥሩ፤ ከሌለ ቀዩን ማጥፊያና ፊውዙን እዩ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚገፋው ቤንዚን ስለሆነ በደረቅ ታንክ ደጋግሞ ማስነሻ መጫን ፓምፕ ማቃጠል ነው። ከተሞላ በኋላ ቁልፉን ከፍታችሁ ድምፁ ሲቆም ዝጉ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ አስነሱ።

ቤንዚኑ በጀሪካን ሲመጣ

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። ሞተሩ ይብረድ፣ ሲጋራ ይራቅ፣ ሲቀዳም እስከ ክዳኑ አፍ አይሞላ። ከሌላ ሞተር በጎማ በአፍ መሳብ የተለመደ ነው፤ ግን ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል። የሰው ሞተር ላይ ያለውን የነዳጅ ጎማ ነቅሎ በመክፈቻው መቅዳት ይቻላል። ጀሪካኑን ሳታሸቱ አትገልብጡ፤ ናፍጣ ከሆነ ጣጣው ከእግር ጉዞ ይከፋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ንጹህ ቤንዚን ብቻውን ፒስተኑን ያጣብቃል፦ 50 ለ 1 ከሆነ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ 40 ለ 1 ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመር።

ምልክት፦ ጌጁ «አለ» ይላል፣ ወይም ከወትሮው ቶሎ ያልቃል

ጌጁ (የነዳጅ መጠን አመልካቹ) የሚያነበው ታንኩ ውስጥ ባለ ተንሳፋፊ ነው፤ ዳገት፣ ቁልቁለትና የጎን መቆሚያ ያዛቡታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የተሻለ ምስክር ነው። ሙሉ ቀድታችሁ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። በሚቀጥለው ቅጂ 312 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 7.8 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ነው። ታንኩ 12 ሊትር፣ ከዚያ ውስጥ 2ቱ ሪዘርቭ ከሆነ፣ 400 አካባቢ ላይ መንገጫገጭ ይጀምራል። ሰው ጭናችሁ ወይም ነፋስ ፊት ለፊት እየመታችሁ ከሆነ ግን 300 ላይ ማደያ መፈለግ ጀምሩ።

በሊትር የሚሄደው ያለ ምክንያት ከቀነሰ መጀመሪያ ርካሹን እዩ፦ የጎማ አየር፣ ሳይመለስ የቀረ ቾክ፣ የሚይዝ ፍሬን (ኋላውን አንስታችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት)፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ።

ቆሞ ሲያድር የሚጎድል ከሆነ መሬቱን እዩ፤ ከካርቡሬተሩ የሚወርደው ትርፍ ማፍሰሻ ጎማ ሥር እርጥበት ካለ መርፌው አይዘጋም። መሬቱ ደረቅ ሆኖ ታንኩ ከጎደለ፣ በተለይ «ፕሪ» ላይ ካደረ፣ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ውስጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። መጠኑ ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ መርፌው ተጠግኖ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩን አታስነሱት።