በኮረብታማ የጠጠር መንገድ ብስክሌት ለመንዳት

መንገድ ሲመርጡ ከርቀቱ በፊት የዳገቱን ድምር ይዩ። 1,200 ሜትር የሚያስወጣ የ60 ኪሎ ሜትር ጠጠር፣ ከ90 ኪሎ ሜትር ሜዳ የበለጠ ሊያደክም ይችላል። ልቅ ጠጠር ላይ ከ15 በመቶ የሚያልፍ ዳገት ካጋጠመ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም።

ዋናው ነገር ጎማ ነው። ስፋቱ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሁን። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የጎማው ንፋስ ግፊት ከ2 እስከ 2.5 ባር (የግፊት መለኪያ) ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፤ ክብደት ስለሚበዛበት ለኋላው 0.2 ያህል ይጨምሩ። ንፋሱ ሲበዛ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይዘላል፣ መሬት አይዝም። ሲያንስ ደግሞ ድንጋይ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ስለዚህ ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ፓምፕና የካቴና መፍቻ ይያዙ።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው፤ ፔዳል በኃይል እየተረገጠ ከተቀየረ ካቴናው ሊወልቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ሽቅብ ሲወጡ ከኮርቻው አይነሱ፤ ከተነሱ የኋላው ጎማ ክብደት አጥቶ በባዶ ይሽከረከራል።

ቁልቁለት ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን አጥብቆ የያዘ ይወድቃል።