ለልጃችሁ የሒሳብ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት

ደሴ ላይ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ልጁ የተፈተነበትን ወረቀት ለአስጠኚው አሳዩት። ከውጤቱ ይልቅ የተሳሳተበትን ቦታ ይመልከት።

ሆጤ አካባቢ የማስጠናው አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ እኩልታ አልገባ ብሎት ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ 1/2 ሲደመር 1/3ን 2/5 ብሎታል። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ! ለካ የጎደለው በታችኞቹ የክፍል ደረጃዎች የሚሰጠው የክፍልፋይ ትምህርት ነው። ድፎ ዳቦ ስድስት ቦታ ቆረስን፦ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ፣ ሲደመር 5/6። ወዲያው ፊቱ በራ።

የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶለት የሚሄድ አስጠኚ ግን ይቅርባችሁ፤ ብራችሁንም ልጃችሁንም ይጎዳል። እስክሪብቶው ልጁ እጅ ላይ መሆኑን ሻይ ስታቀርቡ አየት አድርጉ።