በክረምት ዕረፍት ከወላጅ ጋር አምስት ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ እንዴት ይሮጣል?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲ የከረመውም ወደ ደሴ፣ ወልዲያ ወይም ኮምቦልቻ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከአባት ወይም ከእናት ጋር አንድ ነገር አብሮ ለመሥራት ጊዜ ይገኛል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው አጭር የጎዳና ላይ ሩጫ ነው። የወሎ ወላጅ ዳገት አይፈራም፤ ዕድሜውን ሙሉ ገበያ የወጣው፣ ለቅሶ የደረሰው በእግሩ ነው። ያልለመደው ሩጫውን ነው። ስንሮጥ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ስንራመድ ከሚያርፈው እጅግ ይበልጣልና ልብ ቢችልም ጉልበት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው መስመር ፍጥነቱን የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ልጅ ይከተላል።

መጀመሪያ፦ ቀንና ቦታ

ቀኑን ከቤታችሁ ልማድ ጋር አስማሙት። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ ምረጡ። ላስታ አካባቢ ነሐሴ 16 አሸንድዬ ይገባል፤ በዚያ ሰሞን ሩጫ ካለ የጾም መፍቻው ማዕድ ከሩጫው በኋላ ይሁን። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሙስሊም ወላጆች ደግሞ ልምምዱን በሌሎቹ ቀናት ያድርጉት።

ቦታውም ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከኮምቦልቻ መጥተው ደሴ ላይ የሚሮጡ እናት ቶሎ ቢደክማቸው ስንፍና አይደለም። ከተቻለ ቁልቁለት የሚበዛበትን መንገድ ተዉት፤ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።

ሁለተኛ፦ የጤና ምርመራ

ደም ግፊትና ስኳር ሳይለኩ አትጀምሩ። ግፊቱ ደጋግሞ ከ140/90 በላይ ከታየ፣ ወላጅ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን የሚጨንቃቸው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያናግሩ። በዚህ ጉዳይ "ምንም አልሆንም" የሚል መልስ አትቀበሉ።

ሦስተኛ፦ ጫማና ልብስ

አዲስ ጫማ ግዴታ አይደለም፤ ልባሽ ጨርቅ ተራም ደህና የስፖርት ጫማ ይገኛል። ስትመርጡ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ከታጠፈ ጥሩ ነው፤ መሐሉ ላይ ለሁለት የሚታጠፍ ከሆነ ሶሉ አልቋል። ወላጅ በሚሮጡበት ካልሲ ተጫምተው ይቁሙ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይቅር። እናት ሻሽ ወይም ሒጃብ የሚያደርጉ ከሆነ ቀለል ያለውን መርጠው ጫፉን ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ነጠላና ጋቢ መድረሻው ላይ ሰው ይዞ ይጠብቅ።

አራተኛ፦ የስድስት ሳምንት ልምምድ

ብዙ ወላጆችን ከድካሙ ይልቅ የሚይዛቸው ይሉኝታ ነው፤ "በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ሰው ምን ይለኛል?" ይላሉ። መፍትሔው ማለዳ መውጣት ነው። አባት ከሱብሒ ሰላት ወይም እናት ከኪዳን ሲመለሱ መንገዱ ገና ጭር ያለ ነው። የክረምቱ ዝናብም ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ይሻላል። ጉሙ ከወፈረ ግን አሽከርካሪ አያያችሁምና ደማቅ ልብስ ልበሱ፤ ባጃጅና መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ በግራ ጠርዝ ሂዱ። ኮብልስቶን ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ እርምጃችሁን አሳጥሩ።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እያረፋችሁ ውጡ። ሁልጊዜም አምስት ደቂቃ በእርምጃ ጀምራችሁ አምስት ደቂቃ በእርምጃ ጨርሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ ይህን ስምንት ጊዜ ደጋግሙት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሁለት ደቂቃ ሮጣችሁ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ። በአምስተኛው ሦስት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ ይሁን። በመጨረሻው ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ቀንሱት። አንዱ ሳምንት ከከበደ ሳትሻገሩ ድገሙት።

ልኩን የምታውቁት በወሬ ነው። እየሮጣችሁ ስለ ዘመድ ጠይቋቸው፤ የአክስት ልጅ ሠርግ መቼ እንደሆነ፣ ሰኔ ላይ የተዘራው እንዴት እንደበቀለ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመለሱ ፍጥነቱ ልክ ነው። መልሱ "አዎ"፣ "እሺ" ብቻ ሲሆን ሳይጠይቋችሁ ወደ እርምጃ ተመለሱ። እኔ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህን ነው።

አምስተኛ፦ ዋዜማውና ሩጫው

የመሮጫ ቁጥሩን ማታውኑ በአራት መርፌ ቁልፍ ካናቴራው ላይ አያይዙት። እራት የተለመደው ይሁን። ጠዋት ከሩጫው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ዳቦ በሻይ ወይም ትንሽ ቂንጬ ይበቃል።

መነሻው ላይ ከኋላና ከዳር ቁሙ። ፊሽካው ሲነፋ ወጣቱ እንደ ጎርፍ ይወጣል፤ ወላጅም ሳያስቡት አብረው ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የሚበላሸውም ያኔ ነው። ስለዚህ በእርምጃ ጀምሩና ሰዉ ሲሳሳ ወደ ሩጫ ግቡ። ወጣት እግር ይቁነጠነጣል፤ ቢሆንም ከፊት ሆናችሁ አትጎትቷቸው፣ ጎን ለጎን ሁኑ። አንዱን ኪሎ ሜትር በስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ከሄዳችሁ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ትደርሳላችሁ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ሩጫው ሩጫ ነው። ወላጅ የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር ወይም ቆመውም የማይረጋጋ ትንፋሽ ከተሰማቸው ወዲያው ቁሙ፤ በቅርብ ወዳለ ሕክምናም ውሰዷቸው።

ከደረሳችሁ በኋላ ወዲያው አትቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ያህል እየተራመዳችሁ ውኃ ጠጡ። የረጠበውን ልብስ ቶሎ ቀይሩ፤ የደሴ ብርድ ላብ ላይ ሲያርፍ ያንቀጠቅጣል። በማግስቱና በሠልስቱ ታፋ መታመሙ የተለመደ ነው፤ ለዘብ ያለ እርምጃ ያፍታታዋል። ጉልበት ካበጠ ወይም ሕመሙ ከሳምንት ካለፈ ግን እስኪታዩ ድረስ ሩጫው ይቆይ።