የውዝዋዜ ወለል ችግርና መፍትሄ፦ ለጅማ ቤቶችና መለማመጃ ክፍሎች

በጅማ የውዝዋዜ መለማመጃ ወለል ሲበላሽ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚወቅሰው ዓይኑ የሚያርፍበትን የላይኛውን ልባስ ነው። ፓርኬው ቢነሳ የእንጨቱን ጥራት፣ የወለል ፕላስቲኩ ቢያብጥ የሻጩን ታማኝነት ይጠራጠራል። ይሁን እንጂ ከተማዋ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ በመሆኗ፣ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከታች፣ ማለትም ከሊሾው፣ ከእርጥበቱና ወለሉን ከተሸከመው እንጨት ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ምልክቶች የትኛውም ቢታይ፣ ላዩን ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ጥግ ገልጦ ሥሩን ማየት ይገባል።

ከልምምድ በኋላ ቅልጥምና ጉልበት ሲታመም

ተወዛዋዦች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅልጥማቸውን ካመማቸውና ሌላ ቦታ ሲለማመዱ ሕመሙ የሚቀልላቸው ከሆነ፣ ጥፋቱ የወለሉ ሊሆን ይችላል። በእስክስታ ሥራው በአብዛኛው የትከሻና የአንገት ስለሆነ የወለሉ ጥንካሬ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በጉራግኛ ጭፈራ ግን እግር በፍጥነት እየተነሳ ስለሚወርድ፣ በሊሾ ወይም በሴራሚክ ላይ የሚጨፍር ሰው እያንዳንዱን ምት መልሶ የሚቀበለው በራሱ አጥንት ነው። ሊሾ ላይ በኮላ የተጣበቀ ፓርኬም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ እንጨትነቱ ዓይንን ያታልላል እንጂ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ስለሆነ ሲረገጥ አይረግብም።

መፍትሄው የሚረግብ ወለል መሥራት ነው፤ ይህም እንደሚታሰበው የውጭ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ ሊሾው ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል። በላዩ ላይ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ሆነው የተቆረጡ ጠጠር ያሉ የስፖንጅ ቁራጮች በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይደረደራሉ። ከዚያም እያንዳንዳቸው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፕላይውዶች ተደራርበው፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ እንዳያርፍ ተደርጎ፣ እርስ በርስ በብሎን ይታሰራሉ። ስፖንጁ በመዳፍ ሲጫኑት ወዲያው የሚተኛው የፍራሽ ዓይነት መሆን የለበትም። ለቤት ውስጥ ስፖርት ወለሎች የወጣው የአውሮፓ መለኪያ፣ ኢኤን 14904፣ ወለሉ ከምቱ ኃይል ቢያንስ 25 በመቶውን እንዲያስቀር፣ ነገር ግን ከ75 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል። የላይኛው ገደብ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ ከልክ በላይ የሚሰምጥ ወለል ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፣ እግርንም ቶሎ ያደክማል። ቤቱን ሙሉ ለመሥራት አቅም የሌለው ሰው በዚሁ አሠራር 2 በ2 ሜትር የሆነ ተንቀሳቃሽ መድረክ አሠርቶ በሳሎኑ ጥግ ቢያስቀምጥ ለአንድ ተለማማጅ ይበቃዋል።

ፓርኬው በሐምሌ ሲያብጥ

በጥር ወር የተነጠፈ፣ መጋጠሚያው ምላጭ እንኳ የማያስገባ የዋንዛ ፓርኬ በሐምሌ መሐሉ እንደ ጉብታ ተነስቶ አይቻለሁ። ባለቤቱ በአናጺው አዝኖ ነበር፤ አናጺው ደግሞ በእንጨቱ። ሁለቱም ያላስተዋሉት ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለ ምንም ክፍተት መነጠፉን ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚሰፋው በወርዱ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ቁራጮች ጎን ለጎን ጥቂት ጥቂት ሲሰፉ ድምሩ መሄጃ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ሲከለክለውም ያለው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነው።

ማስተካከያው ዞኮሎውን፣ ማለትም በግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚመታውን ጠርዝ፣ አንስቶ፣ በአራቱም ግድግዳ ሥር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት እስኪገኝ የወለሉን ጠርዝ መቁረጥ ነው። ዞኮሎው ሲመለስ ሚስማሩ ግድግዳው ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይመታ፤ አለበለዚያ የተከፈተው መንገድ ተመልሶ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ብዙዎች ትዕግሥት አጥተው ያበጠውን ቦታ በዚያው ክረምት ያስልጉታል፤ ይህ እኔ ከማውቃቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ደርቆ ሲመለስ የተላገው ስፍራ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። ጉብታው ክፍተቱን ካገኘ በኋላ በራሱ እየተኛ ይሄዳልና፣ መላግና ቫርኒሽ መቀባት ለበጋ ይቆይ።

ወለሉ ገና ያልተሠራ ከሆነ የእንጨቱ ምርጫ ላይ መጨነቅ ይሻላል። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ የጫማ ተረከዝና የበርጩማ እግር በቀላሉ ያጎደጉዱታል። ባሕር ዛፍ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ የታሰረበትን ሚስማር ሳይቀር ይነቅላል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ሆኖ ተደርድሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

ፕላስቲኩ ሲያብጥና ሲጨማደድ

በመጀመሪያ የሊሾውን እርጥበት መፈተን ያስፈልጋል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ሊሾው ላይ ተነጥፎ ዙሪያው በማጣበቂያ ፕላስተር ይዘጋና ለ24 ሰዓት ይተዋል። ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ውሃው ከታች እየመጣ ነው፤ ላዩን ደጋግሞ ማጣበቅም ዋጋ የለውም። አዲስ ሊሾ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል መድረቂያ ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ። የቆየ ሊሾ ከሆነ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚፈስ መሆኑን ውጭ ወጥቶ ማየት ይገባል፤ አንድ የውሃ መውረጃ ቦይ ብዙ ጥገና ያስቀራል።

ሊሾው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የአነጣጠፍ ነው። ከጥቅሉ የወጣ ፕላስቲክ ጠርዙ ከመጣበቁ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ተዘርግቶ መዋል አለበት። ለማስቀመጥም በቱቦ ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም፤ የታጠፈበት መስመር ዳግመኛ አይስተካከልም።

ወለሉ ሲያዳልጥ ወይም እግር ሲይዝ

የሚያዳልጥ ወለል አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልታጠበ ሳይሆን በሳሙና ብዛት የታጠበ ነው። ያልታጠበው የሳሙና ትራፊ ደርቆ ስስ ሽፋን ይሆንና ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ በጥብጦ መወልወል፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደግሞ ማለፍ ይበቃል፤ እንጨት ላይ ጨርቁ በደንብ ተጨምቆ እርጥብ ብቻ ይሁን። ሰም ለመለማመጃ ወለል ፈጽሞ አይቀባ። ወለሉ እንዲይዝ ተብሎ ለስላሳ መጠጥ መርጨትም ለአንድ ምሽት ይረዳ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ስኳሩ አቧራና ጉንዳን ይሰበስባል።

የቡና ነገር እዚህ ላይ ሊታለፍ አይችልም፤ በጅማ ልምምድ ካለቀ በኋላ ቡና የማይፈላበት ክፍል ብርቅ ነው። እርጥብ ቄጠማ ፓርኬ ላይ ተጎዝጉዞ ካደረ እንጨቱን ያጠቁራል፣ ከከሰል ምድጃ የሚወድቅ ፍም ደግሞ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ስለዚህ ረከቦቱ፣ ምድጃውና በርጩማዎቹ ከመለማመጃው ወለል ውጭ፣ በሴራሚክ ወይም በሊሾ ላይ ቋሚ ቦታ ይሰጣቸው። የጭቃ ጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ በር ላይ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ፕላስቲክ ወለል ላይ ሲቆይ የማይለቅ ቢጫ ምልክት ስለሚተው ከደጃፉ ውጭ ይነጠፍ።

ሲረገጥ ሲጮህ

ከሥሩ የላላ ብሎን አለ፤ ቦታውን በእግር ፈልጎ ማጥበቅ ነው። ሚስማር ብቻ ከሆነ በብሎን ይተካ። ድምፁ ሲያንኳኩት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ከሆነና በግድግዳው ሥር የአፈር መስመር ከታየ ግን ምስጥ ገብቷል። የተበላው ሞራሌ፣ ማለትም ወለሉን የተሸከመው እንጨት፣ ይወጣል፣ እንጨቱ ከአፈር ጋር የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ይለያያል፤ የምስጥ መድኃኒት ከተረጨም ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስና ወለሉ እስኪወለወል ድረስ ባዶ እግሩን የሚጨፍር ሰው አይግባ።