የኮድ ትንተናው ስህተት እያገኘ ሲአይ አረንጓዴ ሲያሳይ

የሲአይ (ኮድ በተላከ ቁጥር በራሱ የሚፈትሸው ሥርዓት) ሎግ ሲከፈት ትንተናው (ኮዱን ሳያስኬድ ስህተት የሚፈልገው መሣሪያ) ስህተቶቹን በፋይል ስምና በመስመር ቁጥር ዘርዝሯቸዋል፤ ሥራው ግን አረንጓዴ ሆኖ ኮዱ ወደ ዋናው ብራንች ገብቷል። በየፕሮጀክቱ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ይህ ነው።

ሲአይ ሎግ አያነብም፤ የሚያየው ትዕዛዙ ሲያበቃ የሚመልሰውን ኤግዚት ኮድ ብቻ ነው። 0 ከሆነ ያሳልፋል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ይጥላል። ስለዚህ የሚፈለገው ቁጥሩ የጠፋበት ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ሪፖርቱን በፋይል ለማስቀረት ውጤቱ በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ወደ ቲ (tee፣ የተቀበለውን በስክሪንም በፋይልም የሚጽፍ ትዕዛዝ) ሲላክ ነው፤ ባሽ (ትዕዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል) የሚመልሰው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ኮድ በመሆኑ፣ ትንተናው 1 ቢመልስም ቲ ፋይሉን በሰላም ጽፎ 0 ይመልሳል። መፍትሄው ፓይፕፌይልን (pipefail፣ በፓይፕ ውስጥ አንዱም ቢወድቅ ውድቀቱን የሚመልሰውን የባሽ አማራጭ) ማብራት ነው። የጊትሃብ ሲአይ የሆነው ጊትሃብ አክሽንስ በሊኑክስ ላይ ሼል ካልተጠቀሰለት ባሽን ያለ ፓይፕፌይል ያስነሳል፤ ሼሉ ባሽ መሆኑ በግልጽ ከተጻፈ ግን ያበራዋል።

ፓይፕ በሌለበትም መሣሪያው ራሱ 0 ሊመልስ ይችላል። በአንድ የክፍያ ሲስተም ላይ ሲፒፒቼክ (የሲ++ ኮድ መተንተኛ) ባዶ ፖይንተር የሚነካውን መስመር ሎጉ ላይ በትክክል ጠቅሶት ነበር፤ ማንም ሳያየው ኮዱ ወጥቶ ሰርቨሩ ደንበኛ በበዛበት ሰዓት ወደቀ። ሲፒፒቼክ ስህተት ቢያገኝም በነባሪው 0 ስለሚመልስ፣ ኤረር-ኤግዚትኮድ የሚለው አማራጭ 1 ተብሎ መሰጠት አለበት። የጃቫስክሪፕት መተንተኛው ኢኤስሊንትም ማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያገኝ ያሳልፋል፤ ማክስ-ዋርኒንግስ 0 መሆን ይኖርበታል። ሌላው የሲ++ መተንተኛ ክላንግ-ታይዲ ደግሞ ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት እንዲቆጥር ካልታዘዘ አይጥልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ከትዕዛዙ ኋላ ከሁለት ቋሚ ሰረዞች ቀጥላ የምትለጠፈው ትሩ (|| true፣ ሁልጊዜ 0 የምትመልስ ትዕዛዝ) ናት። ሁልጊዜ «ለጊዜው» ተብላ ትገባለች፤ የሚያወጣት ግን የለም፤ እሷ ባለችበት ትንተናው ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። የቆየው ስህተት ብዛት ካስቸገረ፣ የፒኤችፒ መተንተኛው ፒኤችፒስታን እንደሚያደርገው ነባሩን በቤዝላይን መዝግቦ አዲሱን ብቻ መከልከል ይቻላል።

ከጥገናው በኋላ በተለየ ብራንች ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመርና ሥራው ቀይ መሆኑ በዓይን ይረጋገጥ። ይህን ሳያደርጉ ተስተካክሏል ማለት አይገባም። የብራንች ጥበቃውም ይህን ፍተሻ ግዴታ ካላደረገው ቀይ የሆነው ኮድ እንኳ ይገባል።

በላፕቶፕ አልፎ በሲአይ የሚወድቅ ከሆነ፣ በአብዛኛው የመሣሪያው ቨርዥን ተለያይቷል፤ በሎክ ፋይል (ቨርዥኖቹን በሚመዘግበው ፋይል) ይቆለፍና በኤንፒኤም ሲአይ (npm ci በሚለው የጃቫስክሪፕት መጫኛ ትዕዛዝ) ይጫን።

የኮድ ጥራት መመርመሪያው ሶናርኩብ የኮዱን ጸሐፊ መለየት ካቃተው ክሎኑ (ሲአይ ያወረደው የኮዱ ቅጂ) ሙሉ ታሪክ አልያዘም፤ የፌች ጥልቀቱ 0 (ሙሉ ታሪክ ማለት ነው) ይደረግ።

ክላንግ-ታይዲ ሄደር ፋይል አላገኘሁም ካለ፣ ሲሜክ (የሲ++ ግንባታ አዘጋጅ መሣሪያ) የኮምፓይል ትዕዛዞቹን ዝርዝር በፋይል እንዲያወጣ ታዝዞ እንደሆነ ይታይ።